የተጠቃሚው ማንነት ከጌትዌዩ ወዲያ

ጥያቄ፦ ኤፒአይ ጌትዌያችን (ከውጭ የሚመጡ ጥያቄዎችን ተቀብሎ ወደ ውስጥ አገልግሎቶች የሚያደርሰው መግቢያ) የተጠቃሚውን ቶክን (የማንነቱን ዲጂታል ማስረጃ) ካረጋገጠ በኋላ መለያ ቁጥሩን «ኤክስ-ዩዘር-አይዲ» በሚባል ሄደር (ከጥያቄው ጋር አብሮ በሚላክ የመረጃ መስመር) ለውስጥ አገልግሎቶች ያስተላልፋል። ይህ ይበቃል?

መልስ፦ ብቻውን አይበቃም። ከሁሉ አስቀድሞ ጌትዌዩ ከውጭ በመጣ ሪኩዌስት (ጥያቄ) ላይ ያንኑ ስም የያዘ ሄደር ካገኘ አጥፍቶ የራሱን መጻፍ አለበት፤ አለበለዚያ ማንም ሰው ከርል በሚባለው ሪኩዌስት መላኪያ ፕሮግራም በአንዲት ትእዛዝ የሌላውን ቁጥር አስገብቶ በስሙ ሊገለገል ይችላል። ይህም ተደርጎ እንኳ ወደ ውስጠኛው ኔትወርክ የዘለቀ ሰው ጌትዌዩን አልፎ አገልግሎቱን በቀጥታ ሊጠራ ስለሚችል፣ እኔ የምመርጠው እ.ኤ.አ. በ2015 በአርኤፍሲ 7519 (የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ) የተደነገገው ጄደብሊውቲ (የተጠቃሚውን መረጃ የሚይዝ ቶክን)፣ ዕድሜው በደቂቃዎች ተወስኖና በጌትዌዩ ተፈርሞ እንዲተላለፍ ነው። እያንዳንዱ አገልግሎት ፊርማውን በጌትዌዩ ፐብሊክ ኪ (ፊርማን ለማረጋገጥ በሚያገለግል ይፋዊ ቁልፍ) ያረጋግጥ፤ ቶክኑ ለየትኛው አገልግሎት እንደተሰጠ የሚገልጸው «ኤዩዲ» የሚለው መስክ የራሱን ስም መያዙንም ይመልከት። ሥራውን ገንዘብ ከሚያንቀሳቅሰው አገልግሎት ይጀምሩ።