ሀብታሙ ቡድን ለምን ዝም ብሎ አይከፍልም?

ወንድማችን ሦስት ነገር ጠይቀዋል። ጃፓናዊው ኳስ ወርዋሪ ሮኪ ሳሳኪ በጃንዋሪ 2025 ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ በ6.5 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ሲፈርም፣ ሌሎቹ ቡድኖች ለምን 50 ወይም 100 ሚሊዮን አላቀረቡም? ሊጉ ለውጭ አገር ወጣቶች ፊርማ ያበጀውን የገንዘብ ጣሪያ ቅጣት ከፍሎ ማለፍስ አይቻልም? ሜሪላንድ ተወልዶ ቤዝቦል የሚጫወተውን የ12 ዓመት ልጅዎን ይህ ደንብ ይነካዋል? ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የልጅዎን ነገር ወደ መጨረሻው አደርሰዋለሁ።

እኔ የቡድን ሰው አይደለሁም። ዋሽንግተን ውስጥ ከናሽናልስ ስታዲየም ብዙም በማይርቅ የመኪና ማቆሚያ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ጨዋታ ባለበት ምሽት መኪናው ሁሉ ከገባ በኋላ እስከ ሰባተኛው ኢኒንግ (ዙር) ድረስ የሚወጣ የለም፤ ሥራችን ሬዲዮ ማዳመጥ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሰው ነው፣ የሳን ፔድሮ ደ ማኮሪስ ልጅ። ቤዝቦልን እሱ አስተማረኝ፣ እኔ ደግሞ ሽሮ አስለመድኩት። ከዚህ በታች ያለው ግማሹ ከሬዲዮና ከጋዜጣ፣ ግማሹ ከእሱ ቤተሰብ የሰማሁት ነው።

አጭሩ መልስ፦ መክፈል አይችሉም። ቀድሞ ግን ይችሉ ነበር።

እስከ 2012 ድረስ ከአሜሪካ፣ ከካናዳና ከፖርቶ ሪኮ ውጭ ያለ ወጣት 16 ዓመት ሲሞላው ከፈለገው ቡድን ጋር በተስማማበት ዋጋ ይፈርም ነበር። በ2012 ሜጀር ሊግ፣ የአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ፣ ለእነዚህ ልጆች ፊርማ ለእያንዳንዱ ቡድን የ2.9 ሚሊዮን ዶላር ድርሻ፣ ማለትም ጣሪያ፣ አበጀ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ደግሞ በውጤት ደካማ የነበረው ቡድን ከፍ ያለ ድርሻ እንዲያገኝ ተደረገ። ያለፈ ቀረጥ ይከፍላል፤ አብዝቶ ያለፈ ደግሞ ባለፈው ልክ ሌላ ያህል ከመክፈሉም በላይ በቀጣዮቹ ሁለት የፊርማ ወቅቶች ለአንድ ልጅ ከ300 ሺህ ዶላር በላይ መስጠት አይችልም። ወረቀቱ ላይ ከባድ ይመስላል። ሀብታሞቹ ግን እርሳስ አንስተው አሰሉትና ቅጣት ሳይሆን ዋጋ ሆኖ አገኙት። ለአንድ ሚሊዮንም ለሠላሳ ሚሊዮንም ሁለት ዓመት የምቀመጥ ከሆነ ለምን በአንድ ሚሊዮን እቀመጣለሁ አሉ። ቦስተን ሬድ ሶክስ በ2015 ኩባዊውን ዮአን ሞንካዳን በ31.5 ሚሊዮን አስፈርሞ ሌላ 31.5 ሚሊዮን ቀረጥ ከፈለ፤ 63 ሚሊዮን ለአንድ የ19 ዓመት ልጅ መሆኑ ነው። በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ሞንካዳን ለቺካጎ ኋይት ሶክስ ሰጥቶ ወርዋሪውን ክሪስ ሴልን አመጣ፤ በ2018 ዋንጫ በላ። ስለዚህ ገንዘቡ ባከነ የሚል ሰው ደግሞ አይደፍርም።

እኔን በጣም ያሳቀኝ ግን የዶጀርስ ሥራ ነው። በዚያው በ2015 ጣሪያውን ጥሰው ለማለፍ ስለቆረጡ የተፈቀደላቸው ድርሻ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ ከፊሉን ለቶሮንቶ ብሉ ጄይስ አስተላልፈው በምትኩ ሁለት ወጣት ተጫዋቾች ተቀበሉ። ጾሙን ሊገድፍ የቆረጠ ሰው ሽሮውን ለጾመኛ ጎረቤቱ እንደሚሸጥ ማለት ነው። ቶሮንቶ በበኩሉ ቭላዲሚር ጌሬሮ ጁኒየርን በ3.9 ሚሊዮን አስፈረመ። ሁለቱም አልከሰሩም።

ይህ በር በ2017 ተዘጋ። ኋይት ሶክስ በሜይ 2017 ሉዊስ ሮበርትን በ26 ሚሊዮን አስፈርመው ለጥቂት አመለጡ፤ ከጁላይ ጀምሮ ጣሪያው ጣሪያ ሆነ። አሁን ቀረጥ የለም፣ ቅጣት ከፍሎ ማለፍም የለም፤ ድርሻህ ካለቀ ሌላ ልጅ ማስፈረም አትችልም፣ አለቀ። ለ2025 ትልቁ ድርሻ 7,555,500 ዶላር ነበር። የዶጀርስ ከሁሉም ካነሱት አንዱ ሲሆን 5,146,200 ነበር፤ በዲሴምበር 2023 ጃፓናዊውን ኮከብ ሾሄይ ኦታኒን ከገበያ በማምጣታቸው ተቀንሶባቸዋል። ገንዘቡ ዕቁብ አይደለም፤ ዘንድሮ ያልወጣ ለከርሞ አይዞርም። ከሌላ ቡድን ድርሻ ማግኘት ይቻላል፤ የሚገኘው ግን በተጫዋች ልውውጥ ነው፣ ለዚያም ልክ አለው። እስከ 10,000 ዶላር የሚፈርም ልጅ ከድርሻው አይቆጠርም። ይህችን የመጨረሻዋን ያዙልኝ።

ወደ ሳሳኪ ስንመጣ ነገሩ የዕድሜ ነው። ዕድሜው 25 ያልሞላ የውጭ አገር ተጫዋች፣ የቱንም ያህል በአገሩ ሊግ የገነነ ቢሆን፣ ከሳን ፔድሮ የ16 ዓመት ልጅ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ ይገባል። ኦታኒ በ2017 በ23 ዓመቱ ሲመጣ ከኤንጀልስ ያገኘው የፊርማ ገንዘብ 2.315 ሚሊዮን ነበር፤ ቴክሳስ ሬንጀርስ ከዚያ የበለጠ ሊሰጠው ይችል እንደነበር አንርሳ። ዮሺኖቡ ያማሞቶ ግን 25 እስኪሞላው ቆይቶ በዲሴምበር 2023 ከዶጀርስ ጋር ለ12 ዓመት በ325 ሚሊዮን ፈረመ። ሳሳኪ መታገሥ አልፈለገም፣ 23 ዓመቱ ነበር። ቡድኖቹ በገንዘብ ሊበላለጡበት የሚችሉት ልዩነት ከሁለት ሦስት ሚሊዮን አይዘልም፤ ኋላ በገበያ ላይ መቶ ሚሊዮኖች ለሚጠብቀው ልጅ ይህ ምኑም አይደለም። የለቀቀው የጃፓን ቡድን እንኳን ያገኘው የፊርማውን ሩብ፣ 1.625 ሚሊዮን ብቻ ነው። ጥያቄው ማን የተሻለ አሠልጣኝ አለው፣ ማን ያሸንፋል፣ የት ልኑር የሚል ሆኖ ቀረ። በዚህ ደግሞ ዶጀርስን ማን ይችለዋል? ቶሮንቶ ጃንዋሪ 17 ቀን ሁለት ሚሊዮን የሚሆን ተጨማሪ ድርሻ ለማግኘት ሲል ማይልስ ስትሮ የተባለውን ተጫዋች ከነደመወዙ ከክሊቭላንድ ተረከበ። በዚያው ቀን ሳሳኪ ዶጀርስን መረጠ። ቶሮንቶ ድርሻውን ይዞ ቀረ።

የዶጀርስ ድርሻ፣ ከሌሎች ቡድኖች በልውውጥ ካገኙት ጭማሪ ጋር፣ ለሳሳኪ ሲውል ቀድሞ በቃል የተያዙት ልጆችስ የት ሄዱ ይሉኝ ይሆናል። አንዳንዶቹ ወደ ሌላ ቡድን ሄዱ። እዚህ ላይ ነው ጋዜጣው የሚያልፈው፣ እኔ ግን የማላልፈው።

ፊርማ የሚከፈተው ጃንዋሪ 15 ነው (ቀድሞ ጁላይ 2 ነበር)። ስምምነቱ ግን በዚያ ቀን አይደረግም። ጣሪያው አንድ ስለሆነ በመጨረሻው ሰዓት ተጫርቶ ማሸነፍ አይቻልም፤ የሚያሸንፈው ቀድሞ የደረሰ ነው። ስለዚህ መልማዮቹ ወደ ታች ወረዱ፤ 15፣ 14፣ ከዚያም በታች። ልጁ በቃል ይያዛል፤ ወረቀት የለም፣ ምክንያቱም ከ16 በፊት ወረቀት ሕገ ወጥ ነው።

የባልደረባዬ የእህቱ ልጅ በ14 ዓመቱ በ400 ሺህ ዶላር በቃል ተያዘ። የቡድኑን ስም አልጽፍም። ልጁን ያሠለጠነው ሰው በእነሱ አጠራር ቡስኮን ይባላል፣ ፈላጊ ማለት ነው። እኛ ብንሆን ደላላ እንለው ነበር፤ ነገር ግን ደላላ ልጅ አያሳድግም፣ ይህኛው ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ቤቱ አስተኝቶ፣ ሩዝና ዶሮ እያበላ፣ ጫማ እየገዛ አሠልጥኖታል። በምላሹ ከፊርማው 30 በመቶ ይወስዳል። ዘራፊ ነው ልል ስል ባልደረባዬ «አንተ ለልጃችን አንድ ቀን ሩዝ ገዝተህለታል?» አለኝ። ዝም አልኩ።

ዜናው የመጣ ዕለት እህቱ ኬክ አስጋግራ፣ ልጁ የቡድኑን ኮፍያ አድርጎ በስልክ አየነው። አባትየው በተስፋው ላይ 22 ሺህ ዶላር ተበድሮ ሁለተኛ ክፍል መሥራት ጀመረ፤ አበዳሪ ሞልቷል፣ የተያዘ ልጅ ያለው ቤት እዚያ እንደ ዋስትና ይቆጠራል። ልጁ በሁለት ዓመት ውስጥ ቁመቱ እንደተጠበቀው አልጨመረም፣ ሩጫውም ትንሽ ቀነሰ። ፊርማው ሊከፈት ሁለት ወር ሲቀረው፣ በኖቬምበር፣ ቡድኑ «ያለን 150 ሺህ ነው» አለ። ሌሎቹ ቡድኖች ድርሻቸውን በቃል ጨርሰዋል፤ የሚሄድበት የለም። ባልደረባዬ ሌሊት ላይ የመኪና ማቆሚያ ቲኬት ገልብጦ በጀርባው ሲጽፍ አየሁት፦ 150፣ ሲቀነስ 45፣ 105። ሲቀነስ 22፣ ወለዱን ሳይጨምር። ከታች 83 ብሎ ጻፈና ሁለት ጊዜ አሰመረበት፤ ከዚያ ቲኬቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «አሁንም ብዙ ገንዘብ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ብዙ ገንዘብ ነው። ግን የልጁ ድምፅ ከዚያ በኋላ ስልክ ላይ ሌላ ነበር።

ቡድኖቹን ግን ከእነሱ ወንበር ላይ ሆኜ ስመለከታቸው ጭንቀታቸው ይገባኛል። ድርሻው ስድስት ሰባት ሚሊዮን ነው፤ ግማሹን በአንድ ልጅ ላይ ላፍስ ወይስ ለሃያ ልበትን? የ14 ዓመት ልጅ አጥንት ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም። የእኛው ሰፈር ቡድን ናሽናልስ በ2006 ለአንድ የዶሚኒካን ልጅ 1.4 ሚሊዮን ከፍሎ ነበር፤ በ2009 ሲጣራ ስሙም የእሱ አልነበረም፣ ዕድሜውም በአራት ዓመት ተቀንሷል። ያው ቡድን በ2015 ለሌላ የዶሚኒካን ልጅ 1.5 ሚሊዮን ከፈለ፤ እሱ ሁዋን ሶቶ ነው። በ2019 የዓለም ሲሪስ (የሊጉ የፍጻሜ ግጥሚያዎች) መሐል 21ኛ ዓመቱን አከበረ፣ ዋንጫውን አመጣልን፣ ዛሬ ከኒው ዮርክ ሜትስ ጋር የ765 ሚሊዮን ውል አለው። አንድ ቡድን፣ ተቀራራቢ ዋጋ።

እኔ ብሆን እበትን ነበር። ሮናልድ አኩኛ ጁኒየር በ100 ሺህ ነው የፈረመው፣ ኤሊ ዴ ላ ክሩዝ በ65 ሺህ፣ ሆሴ አልቱቬ በ15 ሺህ። አልቱቬን አጭር ነህ ብለው መልሰውት በማግስቱ ተመልሶ የመጣ ነው። ፍራምበር ቫልዴስ በ10 ሺህ ፈረመ፤ ያቺ ከድርሻ የማትቆጠረዋ ልክ ማለት ናት። በአንጻሩ ኦክላንድ በ2008 ለአንድ የ16 ዓመት ወርዋሪ 4.25 ሚሊዮን ከፍሎ፣ ልጁ ለኦክላንድ በሜጀር ሊግ አንድ ኳስ ሳይወረውር ቀረ። ባልደረባዬ ግን አይስማማም። «እነዚያ አሥር ሺዎቹ ስንት ናቸው? የምታውቀው የደረሰውን ብቻ ነው» ይላል። ከዘጠኝ ዓመት ክርክር በኋላም እኔ እበትናለሁ፣ እሱ ሶቶን ይገዛል።

ጣሪያውን በማታለል ለማለፍ የሞከሩም አሉ። ሬድ ሶክስ እገዳ ላይ ሳሉ የአንድን ቡስኮን በርካታ ልጆች በ300 ሺህ 300 ሺህ አስፈርመው ገንዘቡን ለዋናው ልጅ በማሻገራቸው በ2016 አምስት ተጫዋች ተነጠቁ። አትላንታ ብሬቭስ በ2017 አሥራ ሦስት ተነጠቀ፣ ሥራ አስኪያጁም ከቤዝቦል ለዘለቄታው ታገደ፤ እገዳው የተነሣለት በ2023 ነው። ከዚያ ወዲህ ደፋር አላየሁም፣ ወይም አልተያዘም።

ሊጉ ይህን ሁሉ በድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች በተራ ልጆችን በሚመርጡበት ሥርዓት፣ ለመተካት ፈልጎ ነበር፤ በጁላይ 2022 ከተጫዋቾቹ ማኅበር ጋር ሳይስማሙ ቀሩ። የዶሚኒካን ተጫዋቾች ብዙዎቹ ተቃውመውት ነበር። ባልደረባዬም ያኔ ይቃወም ነበር፤ ከእህቱ ልጅ በኋላ ሲጠየቅ ትከሻውን ይነቀንቃል። የአሁኑ የሊጉና የማኅበሩ ውል በዲሴምበር 2026 ስለሚያበቃ ነገሩ እንደገና ይነሣል።

አሁን ወደ ልጅዎ። አይነካውም። ወላጆቹ ከየትም ይምጡ፣ እዚህ የሚኖርና እዚህ የሚማር ልጅ መንገዱ የአገር ውስጡ ድራፍት ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ ወይም ከኮሌጅ በኋላ ይመረጣል። ስለዚህ ማንም ሰው ዛሬ መጥቶ «ልጅዎን በቃል ልያዝልዎ» ቢል ቡና አፍልተው ይሸኙት። ለጊዜው የሚያስፈልገው ጓንት ነው፤ አዲስ አይግዙ፣ ቆዳው እስኪለሰልስ ወራት ይፈጃል። ባልደረባዬ ያገለገለ ያገኝልዎታል፤ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝና የእጁን ልክ ይላኩልኝ፣ ግራ እጁን ነው የምለው፣ በቀኝ የሚወረውር ከሆነ።