ፓራሜትሩ ስኬጁል ላይ አለ፣ ታጉ ላይ ግን የለም ላልሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሸዋ ሮቢት ላይ የጂ ፕላስ 2 ፕላን ሪቪት በሚባለው የሕንፃ ንድፍ ሶፍትዌር እየሠራሽ ነው። የመስኮቱ ታግ፣ ማለትም ፕላኑ ላይ ከመስኮቱ አጠገብ የሚወጣው መግለጫ፣ ከቁጥሩ ሌላ ምንም አይናገርም። አንቺ ደግሞ ስፋቱን፣ ከፍታውን፣ ኤልቲዜድ የሚባለው ብረት ይሁን አሉሚኒየም፣ የትንኝ መረብ ይኑረው አይኑረው በአማርኛ እንዲያወጣልሽ ትፈልጊያለሽ። «የመስኮት ብረት» የሚል ፕሮጀክት ፓራሜትር፣ ማለትም በዚያ ፕሮጀክት ውስጥ ብቻ የሚኖር የመረጃ መሙያ ቦታ፣ ሠርተሻል። ስኬጁል (የመስኮቶቹ ሠንጠረዥ) ላይ ይመጣል። የታጉን ፋሚሊ (ታጉ የተሠራበትን ፋይል) ስትከፍቺ ግን ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

የጎደለሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ፓራሜትሩ «ሼርድ ፓራሜትር» መሆን አለበት።

ምክንያቱን ካወቅሽው ሁለተኛ አትቸገሪም። ታግ ለብቻው የቆመ ፋይል ነው። ፕሮጀክትሽ ውስጥ የፈጠርሽውን ስም አያውቀውም። ሁለቱ እንዲተዋወቁ ሁለቱም የሚያነቡት የጋራ መዝገብ ያስፈልጋል። ያ መዝገብ ተራ የቴክስት ፋይል ነው። እዚያ ውስጥ እያንዳንዱ ፓራሜትር ከስሙ ሌላ ረጅም የመለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ሪቪት የሚያመሳስለው ቁጥሩን ነው፣ ስሙን አይደለም። ይቺን ያዣት፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማኔጅ ውስጥ ሼርድ ፓራሜተርስ የሚለውን ክፈቺ። ክሪኤት ብለሽ ፋይሉን በማይጠፋ ቦታ አስቀምጪ። ዴስክቶፕ ላይ አይሁን። ከዚያ አንድ ግሩፕ ፍጠሪ፣ በሥሩ «የመስኮት ብረት» እና «መረብ» የሚሉ ሁለት ፓራሜትሮች ጨምሪ። ዓይነታቸው ቴክስት ይሁን። መረቡን «የስ ኦር ኖ» ለማድረግ ያምርሻል፣ እኔንም አምሮኝ ነበር። ነገር ግን ታጉ ላይ በእንግሊዝኛ «የስ» ወይም «ኖ» ብሎ ነው የሚወጣው። በያጁ ምኑ የስ እንደሆነ አይገባውም። ቴክስት ካደረግሽው «መረብ ያለው» ብለሽ ትጽፊያለሽ።

ቀጥሎ ወደ ፕሮጀክት ፓራሜተርስ ሂጂና አድ ስትይ ሼርድ ፓራሜትር የሚለውን ምረጪ። ካቴጎሪው ዊንዶውስ ይሁን። ብረቱን ታይፕ አድርጊው፣ የአንድ ዓይነት መስኮቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ብረት ነውና። መረቡን ግን ኢንስታንስ (ለእያንዳንዱ መስኮት ለብቻው የሚሞላ) ማድረጉን እመርጣለሁ። እናንተ ጋ ቆላ ነው፣ የመኝታ ክፍሉ መስኮት መረብ ሲኖረው የደረጃው ላይኖረው ይችላል። የድሮውን ፓራሜትር ቶሎ አታጥፊው፣ የሞላሽው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ስኬጁል ላይ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አድርገሽ ካዛወርሽ በኋላ አጥፊው።

አሁን ታጉ። ፋይል፣ ኒው፣ አኖቴሽን ሲምቦል ብለሽ ሜትሪክ ዊንዶው ታግ የሚለውን ቴምፕሌት ክፈቺ። ሁለት የሚቋረጡ መስመሮች ታያለሽ። መገናኛቸው ታጉ የሚቀመጥበት ነጥብ ነው፣ አታንቀሳቅሻቸው። ማሳሰቢያ ጽሑፍ ካለ ደምስሺው፣ ካልሆነ ፕላንሽ ላይ ይወጣል። ከዚያ ሌብል (ከመስኮቱ መረጃ እያነበበ ራሱ የሚሞላ ጽሑፍ) የሚለውን መርጠሽ መሐሉን ተጫኚ። ኤዲት ሌብል የሚል ገጽ ይከፈታል። እዚያ ታይፕ ማርክ (የመስኮቱ ዓይነት ቁጥር)፣ ዊድዝ (ስፋት) እና ሃይት (ከፍታ) በግራ በኩል አሉ፣ ወደ ቀኝ አሻግሪያቸው። የራስሽን ሁለቱን ለማምጣት ግራ ታች ያለችውን አዲስ ፓራሜትር የምትጨምረውን ምልክት ተጫኝና ከዚያው ከጋራ መዝገቡ ምረጪ። ፕሪፊክስ የሚለው ዓምድ ላይ «ስፋት» እና «ከፍታ» ብለሽ ጻፊ። ብሬክ የሚለውን ስታደርጊ ቀጣዩ ወደ ታች መስመር ይወርዳል። የስፋትና የከፍታውን መለኪያም እዚያው መቀየር ይቻላል። ፕሮጀክቱ በሚሊሜትር ቢሆንም እኔ ታጉን በሜትር፣ ከነጥብ በኋላ ሁለት ቁጥር አድርጌ ነው የማወጣው። እኛ አካባቢ ሠራተኛው 1.50 ሲያይ ቶሎ ይገባዋል።

የፊደሉ መጠን ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ታግ ውስጥ የምትሰጪው መጠን ወረቀት ላይ የሚወጣው መጠን ነው። 2.5 ሚሊሜትር ካልሽ፣ ፕላኑ በ1 ለ 50 ይሁን በ1 ለ 100፣ ወረቀቱ ላይ ያው 2.5 ነው። በስኬል እያባዛሽ አትልፊ። ለአማርኛ ከዚህ በታች እንድትወርጂ አልመክርም። ፕላኑ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ጨ እና ጩ አይለዩም። የሌብሉንም ሣጥን ወደ ጎን ሳቢው፣ የእኛ ፊደል ሰፊ ስለሆነ ቃሉ መሐል ላይ ይሰበራል። ባክግራውንዱን ኦፔክ ብታደርጊው ደግሞ የግድግዳው ሃች (የመሙያ መስመሩ) በጽሑፉ ላይ አያልፍም።

ፎንቱ ዩኒኮድ ይሁን፣ አደራ። ኒያላ ጥሩ ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ከሌለ ከኦፕሽናል ፊቸር ይጫናል። ዩኒኮድ ባልሆኑት በድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ታግ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ነው የሚታየው።

አሁን ያቺን የመለያ ቁጥር ላንሳት። መዝገቡ ጠፍቶብኝ በዚያው ስም አዲስ ፓራሜትር ሠራሁ። ስሙ በአንዲት ፊደል እንኳን አይለይም። ታጉ ግን ባዶ ሆነ። ሙሉ ከሰዓት ፈልጌ ነው ያገኘሁት። በስም ቢመሳሰሉም ለሪቪት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ አንድ መዝገብ ብቻ ይኑርሽ። ፍላሽሽም ላይ ኢሜይልሽም ላይ ቅጂ አስቀምጪ። አብሮሽ የሚሠራ ካለ ያንኑ ፋይል ስጪው፣ የራሱን አይፍጠር።

ከእኔ በፊት የመለሰልሽ ወንድማችን «ለዚህ ምን አደከመሽ፣ በቴክስት ጽፈሽ እለፊው» ብሏል። ክፋት አስቦ አይደለም፣ እኔም ለሁለት ዓመት እንደዚያ ነበር የምሠራው። ያቆምኩት እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ላይ በሠራሁት ቤት ነው። አሰሪው የፊት ለፊቱ መስኮቶች ይስፉልኝ አሉ። ከ1.20 ወደ 1.50 ቀየርኳቸው። ሥዕሉ ሰፋ፣ አጠገቡ በቴክስት የጻፍኩት 1.20 ግን እንዳለ ቀረ። ግንበኛው በአዲሱ ልክ ክፍተቱን ተወ። ብረታ ብረት ቤቱ የእኔን ጽሑፍ ይዞ ስድስት መስኮት ቆርጦ በይዶ ጨረሰ። ሳይት መጥቶ ሲገጠም ግራና ቀኝ 15 ሳንቲ፣ 15 ሳንቲ ክፍት ሆነ። ያን ቀን ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ነፋሱ በዚያ ክፍተት ይገባል። በያጁ ፕላኑን ከካፖርቱ ኪስ አወጣው። አራት ቦታ ታጥፏል፣ ጠርዙ በዘይት ጠቁሯል። ጣቱን 1.20 ላይ አሳርፎ ዝም ብሎ አየኝ። ምን እለዋለሁ? በጽሑፍ የተሰጠውን ልክ ነው የሠራው። የብረቱን ዋጋ እኔ ከፈልኩ።

ሌብል ያለው ታግ ቢሆን ኖሮ መስኮቱ ሲሰፋ ቁጥሩም አብሮ ይቀየር ነበር። ለዚህ ነው ግማሽ ቀን ቢፈጅብሽም ታጉን ሥሪው የምልሽ። አንዴ ከሠራሽው ለሚቀጥለው ቤት ሎድ ማድረግ ብቻ ነው። አውቶካድ ላይ ለምትሠሩም አትሪቢዩት (የሚሞላ የጽሑፍ ቦታ) ያለው ብሎክ ከተራ ጽሑፍ ይሻላል፣ ግን በራሱ ልኩን ከሥዕሉ አያነብም። እናንተው ናችሁ የምትሞሉት፣ ስለዚህ ማመሳከሩ አይቀርላችሁም።

ታጉን ሴቭ አድርገሽ ሎድ ኢንቱ ፕሮጀክት በይ። ከዚያ ታግ ኦል ብለሽ ለመስኮቶቹ አዲሱን ታግ ምረጪ። ታግ የሚቀመጠው በተከፈተው ቪው ላይ ብቻ ነው። ምድር ላይ ስላደረግሽ አንደኛ ፎቅ ላይ አይመጣም፣ ለየወለሉ ድገሚው። ጥያቄ ምልክት ካወጣብሽ አትደንግጪ፣ የሚያነበው ቦታ ስላልተሞላ ነው።

ፕሪንት ከማድረግሽ በፊት የአንዱን መስኮት ታይፕ ስፋት በ10 ሳንቲ ቀይረሽ ታጉን እይው። አብሮ ከተቀየረ ልኩን መልሺውና ፒዲኤፍ አውጪ። ካልተቀየረ እዚያ ቦታ ላይ ያለው ሌብል ሳይሆን በእጅ የተጻፈ ቴክስት ነው። የዚያን ጊዜ የኤዲት ሌብሉን ገጽ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።