ከተራራ የመጣ ፓይን እንዴት ቦንሳይ ይሆናል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ከዱር የተነሳ ፓይን ቦንሳይ፣ ማለትም በሰሃን ውስጥ ቅርጽ ተሰጥቶት በትንሹ የሚያድግ ዛፍ፣ እስኪሆን ስላለው ጉዞ ብዙ ስለጠየቃችሁኝ ዛሬ ለጥያቄ ተቀምጫለሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። በአማርኛ «ጥድ» ስንል ብዙ ጊዜ ሌላ ዛፍ ማለታችን ነው። እዚህ የምናወራው ቅጠሉ እንደ መርፌ ሆኖ ሁለት፣ ሦስት ወይም አምስት አንድ ላይ ታስሮ ስለሚወጣው ስለ ፓይን ነው። ጥድ የለመደ እጅ በዚያው ልማድ ፓይን ሲነካ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

ተራራው ላይ ጠማማ ዛፍ ሞልቷል። የትኛውን ላንሳ?

ከግንዱ በፊት ሥሩን ይመልከቱ። ሰው የተጣመመ ግንድና የተሰነጣጠቀ ቅርፊት ሲያይ ልቡ ይጠፋና መጋዙን ይመዛል። እኔ ግንዱን ይዤ ቀስ ብዬ እነቀንቀዋለሁ። በዙሪያው ያለው አፈር እንደ ሰፌድ አብሮ ብድግ ካለ፣ ሥሩ በድንጋይ ጎድጓዳ ውስጥ ተሰብስቦ ኖሯል ማለት ነው፤ የምንፈልገውም እንዲህ ያለውን ነው። አንድ ወፍራም ሥር ወደ አለት ስንጥቅ ጠልቆ የሄደ እንደሆነ ግን፣ የቱንም ያህል ቢያምር ትቼው እመለሳለሁ። ከግንዱ አጠገብ ቀጫጭን ሥር የሌለው ሽማግሌ ፓይን ከተነቀለ የሚተርፈው ከስንት አንዴ ነው። የመሬቱን ባለቤት ፈቃድ መያዝዎን ደግሞ አይርሱ። ያለ ፈቃድ የተነሳ ዛፍ የተሰረቀ ዛፍ ነው።

መቼ ነው የሚነሳው?

ብርዱ ሊያበቃ ሲል፣ እምቡጡ መርዘም ሳይጀምር።

ሲነሳ ቅርንጫፉንም ልቀንስለት? ሥሩ ስለተቆረጠ ይቀለው ይሆናል ብዬ ነው።

አይቀንሱለት። አዲስ ሥር የሚበቅለው መርፌዎቹ በሚያዘጋጁት ምግብ ነው። ቅጠሉን የቀነሱ ዕለት የሥሩን ስንቅ ቀነሱ ማለት ነው። ውኃ እንዳያልቅበት ካሰጋዎ ከነፋስ ይከልሉት፤ ቅጠሉንም በቀን ጥቂት ጊዜ ውኃ ይርጩበት።

ምን ውስጥ ልትከለው? አፈሩንስ ልጠበው?

ለሥሩ ልክ የሆነ የእንጨት ሳጥን ይበቃል። ሳጥኑ ከሰፋ ሥር ያልደረሰበት አፈር ውኃ ይዞ ይቆይና ሥሩን ያበሰብሳል። መትከያው በአብዛኛው ፑሚስ ይሁን። ፑሚስ ከእሳተ ገሞራ የሚገኝ ቀላልና ቀዳዳማ ድንጋይ ነው፤ ውኃም አየርም ይይዛል። ግንዱን ከሳጥኑ ጋር በሽቦ አጥብቀው ይሰሩት፤ ነፋስ በነቀነቀው ቁጥር ገና የወጣው ለስላሳ ሥር ይበጠሳልና። የተራራውን አፈር ግን ጨርሰው አያጥቡ። በሥሩ ላይ ነጭ ድር የመሰለ ነገር ካዩም ሻጋታ መስሎዎት አይፋቁት። ማይኮራይዛ የሚባለው ፈንገስ ነው፤ ለፓይኑ ውኃና ማዕድን ያቀብለዋል፣ ፓይኑ ደግሞ በምላሹ ስኳር ይሰጠዋል።

የኔ ዛፍ በተነሳበት ዓመት አዲስ ቡቃያ አውጥቷል። ሥር ሰዷል ማለት ነው? ቅርንጫፉን ቅርጽ ለማስያዝ ሽቦ መጠምጠም ልጀምር?

ብዙ ዛፍ የሚሞተው በዚህ ጥያቄ ምክንያት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። በመጀመሪያው ዓመት የሚያዩት ቡቃያ ባለፈው ዓመት፣ ዛፉ ገና ተራራው ላይ ሳለ፣ በእምቡጡ ውስጥ ተዘጋጅቶ ያደረ ነው። የሚረዝመውም በግንዱ ውስጥ በተከማቸ ስንቅ ነው። ሥሩ ሞቶ እንኳ እምቡጡ ሊከፈት ይችላል። ፓይን ከሞተ በኋላም ለወራት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ ሬሳ ውኃ ሲያጠጡ የከረሙ ሰዎች አውቃለሁ፣ አንዱም እኔ ነኝ።

እውነቱን የሚነግርዎ በዚያው ዓመት መጨረሻ ለቀጣዩ የሚዘጋጀው እምቡጥና የሁለተኛው ዓመት ቡቃያ ነው። እምቡጡ ወፍራም፣ መርፌውም እንደ ወትሮው ረጅም ከሆነ ሥሩ ሠርቷል። ሁለት ዓመት ተከታትሎ በኃይል ካደገ በኋላ ስለ ሽቦ እናወራለን።

ጋሼ፣ እኔ ገና 19 ዓመቴ ነው፣ ትዕግሥትም የለኝም። በአንድ ዓመት ውስጥ ሥሩንም ቅርንጫፉንም ሠርቼ መጨረስ አልችልም?

ልጄ፣ በአንተ ዕድሜ ያደረግሁትን ልንገርህ። አንድ ፓይን ከሳጥን ወደ ሰሃን አዛወርሁ፤ በወሩ ደግሞ ዋናውን ቅርንጫፍ ወደ ታች አጠፍሁት። ቅርንጫፉ መጀመሪያ ደረቀ፣ ቀጥሎ ጫፉ፣ ከዚያ ሁሉም። ሥሩ የተነካ ዛፍ የታጠፈውን እንጨት የሚጠግንበት ጉልበት የለውም። ከዚያ ወዲህ ሕጌ አንድ ነው፦ በአንድ ዓመት አንድ ቁስል። ሥር የነካህበት ዓመት ሽቦ አይኖርም፤ ሽቦ የገባበት ዓመት ሥር አይነካም። ትዕግሥት ካጣህ ግን መፍትሔ አለው፤ አምስት ዛፍ ይኑርህ፣ እጅህን የሚበላህ ዕለት ተራ የደረሰውን ትሠራለህ።

ወፍራም ቅርንጫፍ ሳይሰበር እንዴት ይታጠፋል?

ዛፉ ዕድገቱን ባቆመበት በቀዝቃዛው ወቅት ይሥሩት። ቅርንጫፉን በውኃ በራሰ ቃጫ አጥብቀው ይጠቅልሉ፤ በላዩ የመዳብ ሽቦ ይዙሩበት፤ የሽቦው ውፍረት የቅርንጫፉን ሲሶ ያህል ይሁን። ሲያጥፉ ጆሮዎን ይስጡት፤ መንጫጫት የጀመረ ዕለት እጅዎን ይሰብስቡ። የቀረውን በሚቀጥለው ዓመት ይጨርሱታል።

የዱር ፓይኔ ቅርንጫፎች ራቁታቸውን ናቸው፣ መርፌ ያለው ጫፋቸው ላይ ብቻ ነው። ወደ ግንዱ ተጠግቼ ብቆርጠው አይበቅልም?

አይበቅልም። መርፌ ሳያስቀሩ የቆረጡት የፓይን ቅርንጫፍ ይሞታል። ብዙ ጸሐይና በቂ ማዳበሪያ ይስጡት፤ ሲበረታ በሞቃቱ ወቅት መጨረሻ ጫፉን ብቻ፣ መርፌ ትተው፣ ይቁረጡ። አዲስ እምቡጥ በመርፌዎቹ መካከል፣ ዕድለኛ ከሆኑም ወደ ውስጥ ጠጋ ብሎ ይወጣል። ይህ ዓመታት ይወስዳል። እኔ እንዲያውም ራቁቱን ክፍል አጥፌ ቅጠሉን ወደ ግንዱ ማምጣት እመርጣለሁ።

ሻማ የመሰለውን ቡቃያ በሙሉ በሞቃቱ ወቅት መጀመሪያ ቁረጥ ሲሉ ሰማሁ።

ይህ ምክር የጃፓን ጥቁር ፓይንና ቀይ ፓይን ለያዘ ሰው ነው። እነዚያ በዚያው ዓመት ሁለተኛ ቡቃያ ስለሚያወጡ መርፌያቸው ያጥራል። ስኮትስ፣ ሙጎ፣ ፖንደሮሳና ባለ አምስት መርፌው ነጭ ፓይን ግን በዓመት አንዴ ነው የሚያድጉት፤ እንደዚያ ከቆረጧቸው ይደክማሉ። መጀመሪያ የዛፍዎን ዓይነት ይለዩ።

የደረቁትን ቅርንጫፎች ልቁረጣቸው?

ይተዉአቸው! ቅርፊቱ ተልጦ የነጣ የሞተ ቅርንጫፍ በጃፓንኛ «ጂን» ይባላል፤ ጠበል የሚያስፈልገው የኛው ጂኒ አይደለም። ከመበስበስ ለመጠበቅ የኖራና የድኝ ውሁድ ይቀቡታል። ዕድሜውን የሚናገረው እሱ ነው፣ ተራራው የሠራውን ደግሞ እኔና እርስዎ አስመስለን መሥራት አንችልም።

ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ ባስቀምጠውስ?

ፓይን የውጭ ዛፍ ነው። ጸሐይ፣ ነፋስና ቀዝቃዛ ወቅት ይሻል።

ወደ ቦንሳይ ሰሃን የሚገባው መቼ ነው? ስንት ዓመት ቢፈጅ «አለቀ» ይባላል?

መጀመሪያ ቅርጹን ያስይዙ፣ ከዚያ ሰሃን። የተራራውን አፈር ግማሽ ጎን ብቻ ያራግፉ፤ ሌላውን ጎን ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ። እንዲህ ሲደማመር ለሰው ለማሳየት የሚበቃው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። «አለቀ» የሚባል ነገር ግን የለም። የያማኪ ቤተሰብ ነጭ ፓይን እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ ሲሠራ ኖሮ፣ በ1945 ከሂሮሺማው የአቶም ቦምብ ተርፎ፣ በ1976 ለአሜሪካ ተሰጠ። ዛሬም በዋሽንግተን አለ፤ ዛሬም ይከረከማል።

ያነሳሁት ዛፍ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፣ መርፌው አረንጓዴ ነው፣ እምቡጡ ግን የስንዴ ቅንጣት ያህል ነው። ምን ላድርግለት?

ውኃው በሳጥኑ ሥር በደንብ ማለፉን ይዩ፣ ጠዋት ጸሐይ ወደሚያገኝበት ቦታ ያስጠጉት። ሌላ ምንም አያድርጉ። ሽቦውንም ከመሳቢያው አያውጡት።