ፒ16 «ፖዘቲቭ» ሲባል

ጥያቄ፦ ከማህፀን በር የተወሰደልኝ ናሙና ውጤት «ፒ16 ፖዘቲቭ» ይላል። ካንሰር ይዞኛል ማለት ነው? (ከፒያሳ)

መልስ፦ እህታችን፣ ይህ ቃል ብቻውን ካንሰር ማለት አይደለም። ፒ16 የሴል ክፍፍል ፍሬን የሆነ ፕሮቲን ነው፤ ሲዲኬ4 እና ሲዲኬ6 የተባሉ ኢንዛይሞችን ይዞ ሴሉ ዲኤንኤውን እንዳያባዛ ያግዳል። «ፖዘቲቭ» ማለት ይህ ፍሬን በናሙናው በዝቶ ተገኘ ማለት ነው። ታዲያ ፍሬኑ መብዛቱ ለምን ያሳስባል? የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ኤችፒቪ ቫይረስ ኢ7 በተባለው ፕሮቲኑ፣ ከፒ16 ቀጥሎ ክፍፍሉን የሚገታውን አርቢ የተባለ ፕሮቲን ያሰናክላል፤ ሴሉ ፒ16ን ያለ ልክ ቢያመርትም መከፋፈሉን አያቆምም። ብዙውን ጊዜ የሚጠቁመው ቅድመ ካንሰር ለውጥን ነው፤ እሱ ደግሞ በጊዜ ከታከመ ይድናል። ፖዘቲቭ የሚባለው በላቦራቶሪ ፒ16ን ለማሳየት የሚጨመረው ቀለም ከማህፀን በር ሽፋን ሥር ተነሥቶ ሳይቆራረጥ የሽፋኑን ውፍረት ቢያንስ ሲሶ ሲይዝ ነው፤ እዚህም እዚያም የተበተነ አይቆጠርም። ናሙናው እንዳይበላሽ በሚነከርበት ፈሳሽ (10 በመቶ ፎርማሊን) ከ6 ሰዓት በታች ከቆየ ቀለሙ ሊያሳስት ይችላል። ሪፖርቱን ይዘው ሳይዘገዩ የማህፀን ሐኪም ያማክሩ፤ የቅድመ ካንሰር ለውጡ ደረጃ «ሲአይኤን 2» (መካከለኛ) ይሁን «ሲአይኤን 3» (ከባድ) ይጠይቁ።