«ወርክት» ወይስ «ወርኪድ»?

ጥያቄ፦ ለጀማሪዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የኃላፊ ጊዜ ግሦችን ሲያነቡ «ወርክት» ማለት ሲገባቸው «ወርኪድ»፣ «ስቶፕት» ማለት ሲገባቸው «ስቶፒድ» ይላሉ፤ ሲነጋገሩ ደግሞ መድረሻውን (በጽሑፍ «-ed» የሚሆነውን) ጨርሰው ይተዉታል። መድረሻው መቼ «ት»፣ መቼ «ድ»፣ መቼ «ኢድ» እንደሚባል የሚገልጸውን ሕግ በፈተና ላይ በትክክል ይመልሱታል፤ አነጋገራቸው ግን አልተሻሻለም። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ተማሪዎችዎ ሕጉን ካወቁት የጎደላቸው የጆሮና የአንደበት ልምምድ ነው። ስለዚህ ከ«ት»፣ ከ«ድ» እና ከ«ኢድ» ምርጫ በፊት፣ ለአድማጭ ጎልቶ የሚሰማውን ልዩነት ያስቀድሙ፤ ይኸውም መድረሻው አዲስ ቀለም (በአንድ ምት የሚነገር የቃል ክፍል) ይጨምራል ወይስ አይጨምርም የሚለው ነው። በመደበኛ ግሦች ቀለም የሚጨመረው የግሡ የመጨረሻ ድምፅ «ት» ወይም «ድ» ሲሆን ብቻ ነው፤ ባለ አንድ ቀለሙ «ዋንት» «ዋንቲድ»፣ «ኒድ»ም «ኒዲድ» ይሆናል፤ «ወርክት» እና «ፕሌይድ» ግን ባለ አንድ ቀለም እንደሆኑ ይቀራሉ። ተማሪዎቹ ግሡን መጀመሪያ ያለ መድረሻው፣ ቀጥሎ ከነመድረሻው እየሰሙ ቀለሙን በጭብጨባ ይቁጠሩ። ይህን ሲያደርጉ መጽሐፉ ይከደን፤ ብዙውን ጊዜ «ወርኪድ» የሚያሰኘው ዐይን የሚያየው «ኢ» የተባለው ፊደል ነውና።

በ«ት» እና በ«ድ» ልዩነት ላይ ብዙ ጊዜ እንዲያጠፉ አልመክርም። ከኢነዛሪ (ጉሮሮን ከማያነዝር) ድምፅ ቀጥሎ «ት»፣ ከነዛሪ (ጉሮሮን ከሚያነዝር) ድምፅ ቀጥሎ «ድ» እንደሚመጣ ጉሮሮን በጣት እየዳሰሱ ማሳየት ይበቃል። ወሳኙ ፊደሉ ሳይሆን ድምፁ መሆኑን ግን አጥብቀው ያስረዱ፤ «ላፍ» የሚለው ግሥ ሲጻፍ በ«ጂ» እና በ«ኤች» ቢያበቃም የሚሰማው «ፍ» ስለሆነ ኃላፊው «ላፍት» ነው።

መድረሻውን መተው የሚመጣው በአብዛኛው ተነባቢዎች ተደራርበው አንደበትን ሲያስቸግሩ ነው። እዚህ ላይ የሚረዳው ግሡን ብቻውን ማስደጋገም ሳይሆን በአናባቢ ከሚጀምር ቃል ጋር ማያያዝ ነው፤ «ወርክት» ከ«ኢን» ጋር ሲያያዝ «ወርክ ቲን» ሆኖ ስለሚወጣ «ት» ወደሚቀጥለው ቀለም ተሻግሮ በቀላሉ ይነገራል። የሚከተለው ቃል በተነባቢ ሲጀምር ግን እርማትዎን ያለዝቡ፤ በሁለት ተነባቢዎች መካከል የወደቀውን «ት» የቋንቋው ተወላጆችም ፈጥነው ሲናገሩ ብዙ ጊዜ ይውጡታል።

ለብዙ ቁጥር መድረሻም ያው የጭብጨባ ልምምድ ያገለግላል፤ እዚያ ቀለም የሚጨመረው እንደ «ስ»፣ «ዝ»፣ «ሽ»፣ «ች» እና «ጅ» ካሉ ድምፆች በኋላ ነው፤ «በስ» «በሲዝ»፣ «ዎች»ም «ዎቺዝ» ይሆናል። «ኔኪድ» እና «ዊኪድ» የመሳሰሉት ቅጽሎች ከኃላፊ ጊዜው መድረሻ ሕግ ውጭ ስለሆኑ በንባብ ሲያጋጥሙ ለየብቻ ይጠኑ።