መልስ፦ ማንችስተር ዩናይትድ እየተሸነፈ ለምን እንደግፈዋለን?

ውድ ጠያቂ፣ «ዩናይትድ እንዲህ እየተሸነፈ መደገፋችሁን ለምን አትተዉም?» ላሉት የበኩሌን ልመልስ። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ2013 የሊጉን ዋንጫ አንሥተው ከተሰናበቱ በኋላ አሰልጣኝ ቢፈራረቅም ቡድኑ እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ በ2024/25 የውድድር ዘመን 18 የሊግ ጨዋታ ተሸንፎ በ42 ነጥብ 15ኛ ሲወጣ፣ በቢልባኦ በተደረገው የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜም በቶተንሃም 1 ለ 0 ተረትቷል። ያን ምሽት በሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት ቀይ ማሊያ የለበሱ ወጣቶች ጨዋታው ካለቀ በኋላም ከመቀመጫቸው አልተነሡም፤ እኔም ከልቤ አዝኛለሁ። (በእኔ እምነት ዋናው ችግር አሰልጣኙ ሳይሆን ወጥ ዕቅድ የሌለው የተጫዋቾች ግዢ ነው።)

ሆኖም ከዚህ ክለብ ጋር ያቆራኘኝ ዋንጫው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ በእያንዳንዱ ጨዋታ ስብስብ ውስጥ ክለቡ ራሱ ያሳደገው ቢያንስ አንድ ተጫዋች መኖሩ፣ ውጤት በጠፋበት ዘመን እንኳ ያልተቋረጠ ልማድ በመሆኑ፣ አሰላለፍ ይፋ ሲሆን ዓይኔ አስቀድሞ የሚፈልገው የእነዚያን ልጆች ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን በወረደ ጊዜም ደጋፊው የክለቡን ስታዲየም ኦልድ ትራፎርድን አልተወም፤ ቡድኑም በዓመቱ ተመልሷል። እርስዎ ቢደክምዎት አልፈርድብዎትም፤ እኔ ግን ቡድን አልቀይርም።