ጥያቄና መልስ፦ አጋዘን ለማየት የምትሄዱ

ስለ ደጋ አጋዘን ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

አንድ የአዲስ አበባ አንባቢ ቅዳሜ ማለዳ ወጥቶ እሁድ ማታ ቤቱ መግባት ይፈልጋል። የት ሄጄ፣ በስንት ሰዓት ልያቸው ይላል።

ዲንሾ ሂድ፣ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ በኩል ወደ 400 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ቅዳሜን መንገዱ ይበላዋል። ከቻልክ አንድ ቀን ጨምር። ከአዳባ ስትመጣ ዲንሾ ከመድረስህ በፊት የጋይሳይ ሜዳ አለ፤ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ሽው ብሎ ያልፍና ዲንሾ ደርሶ «አጋዘኑ የታለ?» ይላል። ጥሩው ሰዓት ከንጋቱ 12 እስከ 3 ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ጀምሮ። ፀሐይ ስትበረታ ወደ ደኑ ገብተው ይተኛሉ። ከኅዳር እስከ የካቲት ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነውና ወፍራም ልብስ ያዝ።

ስትፈልግ ደግሞ ሙሉ እንስሳ አትፈልግ። ሴቷ ቀንድ የላትም፣ ቀለሟም ቡናማ ስለሆነ ቁጥቋጦ መሐል ስትቆም ከደረቁ ሣር አትለይም። የምትንቀሳቀስ ጆሮ ፈልግ። ወንዱን በተጠማዘዘው ቀንዱ፣ በጀርባው ጋማ፣ በዓይኖቹ መካከል ባለችው ነጭ መስመርና በአንገቱ ላይ ባለው ነጭ ምልክት ታውቀዋለህ። አንዲት ሴት ካየህ እዚያው ቆመህ ዙሪያዋን ቀስ ብለህ ቃኝ፤ ሴቶቹ ከግልገሎቻቸው ጋር በመንጋ ስለሚውሉ ሌሎቹም ቅርብ ናቸው።

«ምን ዓይነት ቀለም ልልበስ?»

ደብዘዝ ያለ። የሚንሿሿ ጃኬት ግን ከደማቅ ቀለም ይብሳል።

አንዲት አንባቢ የወደቀ የአጋዘን ቀንድ አንስታ ቤቷ ግድግዳ ላይ መስቀል አምሯታል።

የደጋ አጋዘን ቀንዱን አይጥልም እህቴ። በየዓመቱ ቀንዳቸውን የሚጥሉት የአሜሪካና የአውሮፓዎቹ ናቸው። የእኛው ቀንዱ አብሮት ኖሮ አብሮት ነው የሚሞተው። መሬት ላይ ቀንድ ካየሽ እንስሳው ሞቷል ማለት ነው። አታንሺው፣ ለስካውቱ (ለፓርኩ ጠባቂ) አሳዪው።

ውሻዬን ይዤ ልሂድ ላለው፦ አይሆንም። የባሌ ቀይ ቀበሮዎች ከውሻ በሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹ በተደጋጋሚ አልቀዋል። የአንተ ውሻ የተከተበ ቢሆንም አጋዘኖቹን ያስበረግጋል።

የሚቀጥለው ደብዳቤ ረጅም ነው፣ ቁጣም አለበት። ጸሐፊው ጋይሳይ ላይ ትልቅ ወንድ አጋዘን አይቶ በእግሩ ሊጠጋ ሲል አስጎብኚው «እዚህ ይበቃል» አለው። እሱ ግን ከፍዬ መጥቻለሁ ብሎ ቀጠለ፤ አጋዘኑም ሮጠ፣ ፎቶውም ተበላሸ። አሁን የሚጠይቀው ስንት ሜትር ድረስ መጠጋት እንደሚፈቀድ ነው።

አስጎብኚህ ልክ ነበር። የሜትር ቁጥር ብሰጥህ ቁጥሩን ይዘህ ትጠጋለህ፣ እንስሳውን አታየውም። ስንት እንደሚበቃ የሚነግርህ አጋዘኑ ራሱ ነው። እየጋጠ ከሆነ ጥሩ ቦታ ላይ ነህ። ማኘኩን አቁሞ ቀና ካለና ሁለቱም ጆሮዎቹ ወደ አንተ ከዞሩ ባለህበት ቁም፣ አንድ እርምጃ እንኳ አትጨምር። ወደ መብላቱ ካልተመለሰ ቀስ ብለህ ወደኋላ በል። ጭራው ተነስቶ ከሥሩ ያለው ነጭ ከታየህ አልቋል፤ አበርግገኸዋል።

አንተ ያጣኸው ፎቶ ነው፣ እሱ የሚያጣው ግን ከዚያ ይበልጣል። በብርድ ካደረ ሌሊት በኋላ የሚበላበት ሰዓት ነበር። ሲሮጥ ጉልበቱን ይጨርሳል፤ ከሜዳው ወጥቶ ገብስ ማሳ ውስጥ ይገባል፣ እዚያ ደግሞ ውሻ ይጠብቀዋል። ሴት ከሆነች በአቅራቢያው ቁጥቋጦ ውስጥ የደበቀችው ግልገል ሊኖር ይችላል። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም ዓለም በዱር የማይገኝ፣ ቁጥሩም ጥቂት ሺዎች ብቻ የሆነ እንስሳ ነው። በ1983 የመንግሥት ለውጥ ጊዜ ጋይሳይ አካባቢ የነበረው ብዙው ተገድሎ ነበር። ዛሬ ዲንሾ ላይ ሰው እያዩ ተረጋግተው የሚግጡት እንዲሁ አይደለም። ስካውቶች ለዓመታት በብርድና በዝናብ ጠብቀዋቸዋል፣ ሰውም ማሳደዱን ቀንሷል። ያንን እርጋታ እኛ ጎብኚዎች በየሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ ልናጠፋው እንችላለን፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አትጠጋ፣ ተቀመጥ። ነፋሱ ፊትህን እየመታህ መሆኑን አረጋግጥ፣ አለበለዚያ ገና ሳታያቸው ያሸቱሃል። ሜዳው ዳር ዝቅ ብለህ ተቀምጠህ ዝም ካልክ መንጋው እየጋጠ ራሱ ወደ አንተ ሊመጣ ይችላል። መኪና ውስጥ ከሆንክ ሞተሩን አጥፋና አትውረድ። መኪናውን ለምደውታል፣ የሚያስደነግጣቸው የበሩ ድምፅና በእግሩ የሚቆመው ሰው ነው። ለአስጎብኚህም ደውለህ ይቅርታ ብትለው ደስ ይለኛል።

አንዲት ልጅ የ70 ዓመት አባቷን እዚያው ባሌ ተራሮች ፓርክ ውስጥ ያለው ሰነቴ አምባ ላይ ወስዳ አጋዘን ልታሳያቸው አስባለች። የልብ ሕመምና ግፊት አለባቸው።

ሐኪማቸውን ሳታማክሪ አትነሺ። ይህን ለወጉ ያህል አይደለም የምለው። ሰነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ እዚያ ያለው ቱሉ ዲምቱ ተራራ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል፤ አየሩ ስስ ነው፣ ጤነኛውንም ራስ ያዞራል። ዲንሾም ቢሆን ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ለሐኪሙ ከፍታውን በቁጥር ንገሪው፣ መድኃኒታቸውንም ያዢ። ደግነቱ ለአጋዘን ሲባል ሰነቴ መውጣት አያስፈልግም፤ ሰነቴ የቀይ ቀበሮ አገር ነው። ሐኪሙ ከፈቀደ ጋይሳይ ላይ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው ያያሉ። ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ደረታቸውን ካመማቸው ይሻላቸው ይሆናል ብለሽ አትጠብቂ፣ ወዲያው ወደ ዝቅተኛ ቦታ አውርጂያቸውና ሕክምና ይዘሻቸው ሂጂ።

ከቨርጂኒያ የጻፈች እናት ደግሞ አጋዘኖቹ ጓሮዋ ድረስ ይመጣሉ። ልጆቿ ዳቦ ይወረውሩላቸዋል፤ በቀደም ሣር ውስጥ ብቻዋን የተኛች ነጠብጣብ ግልገል አይተው ቤት እናስገባት ብለው አልቅሰዋል።

ግልገሏን ተዉአት። እናቷ ሆን ብላ ነው አስተኝታት የሄደችው፤ ለሰዓታት ትቆይና ተመልሳ ታጠባታለች። እናንተ አጠገቧ ከቆማችሁ ግን አትመጣም። ዳቦውንም አቁሙ። ሆዳቸውን ያበላሻል፣ አንድ ቦታ እየሰበሰበ በሽታ ያዛምታል፣ ቨርጂኒያ ውስጥም ቢያንስ ለተወሰኑ ወራት በሕግ የተከለከለ ነው። ልጆቹ ከመስኮት ይዩአቸው፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ወንዶቹ ሲጋጩ ካዩ አይረሱትም።

አንድ ነገር አደራ። ሣር ውስጥ ከዋሉ ማታ ማታ ከጉልበታቸው ጀርባ፣ ብብታቸውንና ፀጉራቸውን እያየሽ መዥገር ፈልጊ። ካገኘሽ በወረንጦ ከቆዳው አስጠግተሽ ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ንቀዪው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሚሰፋ ቀይ ክብ ወይም ትኩሳት ከመጣ የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ ውሰጃቸው፤ ላይም የተባለው በሽታ በጊዜ ከተያዘ በመድኃኒት ይድናል።

ባሌ ድረስ መሄድ ለማይችሉ፦ አዲስ አበባ አቅራቢያ ወዳለው መናገሻ ሱባ ደን ሂዱ። እዚያ የምኒልክ ድኩላ አለ፣ ወንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላ። ብቻውን ስለሚሄድ ማየቱ ከአጋዘን ይከብዳል። እንደ ውሻ ጮኾ ሲያስጠነቅቅ ከሰማችሁ እሱ ቀድሞ አይቷችኋል።

ሩቅ የሚያሳይ መነጽር የጠየቃችሁኝ፣ ስምንት በአርባ ሁለት የሚባለው (ስምንት ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነው) ይበቃል። የቀረውን ሻጩን ጠይቁ።